የሰከርኩበት እሑድና የእማ ጊደር

ማክሰኞ

ለፍኖተ ሰላም ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ። «እሑድ ከሰዓት በኋላ» ተብሎ ይጠራ የነበረው የዕድሜዬ ቁራጭ ባደረበት ድንገተኛ የጠላና የአረቄ ሕመም ከትውስታዬ በሞት ስለተለየ የተሰማኝን መሪር ሐዘን እገልጻለሁ። ሟች እስከ ምሳ ድረስ ፍጹም ጤነኛ ነበር። ሙሽራ አጅቧል፣ ጨፍሯል፣ አንዲት የሙሽራዋን ዘመድ በዓይኑ ጠቅሷል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። አስከሬኑ ስላልተገኘ ቀብሩ አልተፈጸመም።

ሰኞ ጧት የነቃሁት ጭድ ክምር ላይ ነው። በአንድ እግሬ የራሴ ጫማ፣ በሌላው የማላውቀው ሰው ጫማ። የማላውቀው ሰው እግሩ ትንሽ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ጓደኛዬ ደሴ እሑድ ተሞሸረ። ሠርጉ አባቱ ቤት ነበር፣ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ካለው መንደር። እኔ ሚዜ ነበርኩ። ሚዜ ማለት ከሙሽራው ጎን ቆሞ ሰው የሚመስል ማለት ነው። እስከ ምሳ ሰው መስያለሁ። ምግቡን አልነካሁትም፤ ከረባቱ አንቆኝ እህል አላወርድ አለኝ። ጠላው ግን ወረደ። ጉሽ ነው፣ ያልተጣራ፣ ጥሩ ጉሽ። በላዩ ላይ አንዱ አረቄ ከኮቱ ኪስ አወጣ። እዚህ ላይ መብራት ጠፋ።

ዛሬ ሞላ መጣ። ሞላ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እኔ ላህ ወንዝ ዳር ባጃጅ አጥባለሁ። ትምህርት ቤት አብረን ገባን፣ አብረን ወጣን። እሱም ሠርጉ ላይ ነበር።

ገና ከሩቅ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጊደር ሸላሚው!» አለኝ።

«ምን ሸላሚው?»

«አይ ጀግና! ዘራፍ ብለህ ተነስተህ፣ የሰው ዱላ ነጥቀህ፣ ለወንድሜ ለደሴ ጊደር ሰጥቻለሁ አላልክም?»

በኛ አገር ሠርግ ላይ ዘመድ ወዳጅ በዳሱ መሐል እየተነሳ ለሙሽራው የሚሰጠውን በሕዝብ ፊት ይናገራል። አንዱ በግ፣ አንዱ ጤፍ፣ ያለው ወይፈን። የተናገረ ሰጠ ማለት ነው። ማንም አያስፈርመውም፤ ሕዝቡ ሰምቷል። በፉከራ መሐል የወጣ ከሆነማ ጭራሽ አይመለስም።

ሳቅኩ። ሞላን አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል። ባለፈው ክረምት ባጃጁን «ባጃጅህ የሙሽራ መኪና ይሆናል ተብሏል» ብዬ በአበባ አስጊጬ ሦስት ሰፈር አዙሬዋለሁ፤ ሠርግ አልነበረም። ብድሩን ሊመልስ ነው አልኩ። «ማል» አልኩት።

«ሚካኤልን!»

ሞላ በሌላው ሁሉ ይቀልዳል፤ በሚካኤል አይቀልድም። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

እኔ ጊደር የለኝም። ባጃጅ ማጠቢያ ባልዲ ነው ያለኝ። ቤታችን ያለችው ጊደር ወይኒት የእማ ናት። አባባ ሲታመም ላሟን ሸጠን ነው ያሳከምነው፤ ከላሟ የተረፈችው ይቺ ጥጃዋ ነበረች። እማ በእጇ እያጎረሰች አሳደገቻት። አሁን የመጀመሪያዋን ፀንሳለች። እማ የወተቱን ዕቃ ካሁኑ አጥና ሰቅላዋለች።

ሰጠሁ ይሉኛል? አልሰጥም! እኔ ራሴ ያልሰማሁትን ቃል ማን ነው የሚያስከፍለኝ?


ረቡዕ

እማ ሰማች። ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷን አይቼ አወቅኩ። ስትሰድበኝ አልፈራትም፤ ስድቧን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዛሬ አልተሳደበችም። ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«አንተ ይበልጣል፣ ጊደር ሰጠሁ ብለሃል፣ አላልክም?»

«አላስታውስም እማ።»

«አላስታውስም ማለት አላልኩም ማለት ነው?»

እኔ ነኝ በዚህ ከተማ መልስ የማያልቅብኝ ልጅ። ቀና ብዬ የተሰቀለውን የወተት ዕቃ አየሁ።

«እንግዲህ ቅዳሜ ይዣት እወርዳለሁ» አለች።

«ማንን?»

«ማንን ትለኛለህ! ወይኒትን ነዋ። ያ ቤት የአባትህ የማኅበር ወንድም ቤት ነው። የእገሌ ልጅ ሲጠጣ ይሰጣል፣ ሲነቃ ይነሳል እንዲባልልኝ አልፈልግም።»

«ይዘሻት አትሄጂም! በሩ ላይ ነው የምተኛው!»

«ተኛ። አንተ ከተኛህ ማን ይቀሰቅስሃል፤ በላይህ ነው ተራምደን የምናልፍ።»

እኔን የወለደች እሷ መሆኗ የሚታወቀው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ቆየት ብላ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። ንስሐ አባታችን ጋ ሄጄ «ሁለተኛ አልጠጣም» ብዬ እንድገዘት። አልገዘትም አልኩ። የሚገዘተው ሰካራም ነው። እኔ ሰካራም አይደለሁም፤ አንድ እሑድ ጠፋብኝ እንጂ። ሰው ዶሮ ይጠፋበታል፣ በግ ይጠፋበታል፣ እኔ ከሰዓት ጠፋብኝ። ለዚህ ግዝት?

ሞላ ሲመክረኝ «ደሴ ከሚስቱ ጋር አማቾቹ ዘንድ ነው፤ ለምን ሄደህ አባቱን አያ ንጉሤን አትጠይቃቸውም?» አለኝ። ስልክ እንዳልደውል ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። በእግር ሄጄስ ምን ልበል? «አያ፣ ባለፈው እርስዎ ቤት ምን ቀባጠርኩ?» ልበል? ሰውየው ድፍን አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሞቼ እገኛለሁ።

ወይኒት ግን ዛሬ ማታ ስገባ እጄን ላሰችው። ምንም አታውቅም። እኔም ምንም አላውቅም። ተያየን።


ሐሙስ

ቡሬ ሄድኩ። እህቴ እናትነሽ እዚያ ነርስነት ትማራለች፤ ስንቅ ላደርስላት ነው። በሦስት ዓመት ታንሰኛለች፤ በትምህርት ስንት ዓመት እንደምትበልጠኝ መቁጠር ትቻለሁ። ስታሾፍብኝ «ወንድም ዓለም» ትለኛለች፤ ስትቆጣኝ በስሜ።

ዳቦውንና ቆሎውን ተቀብላ «ወንድም ዓለም፣ ዓይንህ ምን ሆነ? ቲማቲም» አለችኝ።

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «ወይኒትን» ስላት ሳቋ ቆመ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና የሚያልፉትን ሚኒባሶች ታይ ጀመር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ እንባ ሳይ ማሾፍ ነው የሚቀናኝ።

«ይልቅ አንቺ ምሁር ነሽ፣ ንገሪኝ። ያ ከሰዓት የት ነው የገባው? ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ቦታ ተደብቆ እንደሆነ ምን ብጠጣ ይወጣልኛል? ጥቁር ቡና? ጠበል?»

«አይወጣም።»

«ለምን አይወጣም?»

«ያልገባ ነገር ከየት ይወጣል?»

ከዚያ አስተማረችኝ። እሷ በመጽሐፍ ቋንቋ ነው ያለችው፤ እኔ በገባኝ ልጻፈው።

ከግንባራችን ጀርባ «ተው፣ ነውር ነው፣ ቆይ አስብ» የሚለን የአንጎል ክፍል አለ። እኔ የግቢው ዘበኛ ብዬዋለሁ። አረቄ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደክመው እሱን ነው። ለዚህ ነው ሰው ሁለት ሲጠጣ ደፋር የሚሆነው። ጀግና ሆኖ አይደለም፤ ዘበኛው አንቀላፍቶበት ነው። ዘበኛው ካሸለበ በኋላ ግቢው የማንም ነው። ምላስ ትወጣለች፣ ዱላ ይነሳል፣ ያልታሰበው ሁሉ ይነገራል።

ቀጥሎ እግር። ከማጅራታችን ከፍ ብሎ ሚዛን የሚጠብቅልን አለ፤ እሱ ሲሰክር ምድር ጎርባጣው የማንኩሳ መንገድ ትሆናለች።

ከሁሉ የባሰው ግን የዕለቱን ነገር የሚያስቀምጠው ነው። ጎተራ ጠባቂው በለው። ቶሎ ቶሎ፣ ብዙ፣ ያውም በባዶ ሆድ ሲጠጣ እሱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «አንተ ትሄዳለህ፣ ታወራለህ፣ ትዘፍናለህ፣» አለች እናትነሽ፣ «ላየህ ሰው ነቅተሃል። ግን ጎተራው ምንም እያስገባ አይደለም። ነገ ብትከፍተው ባዶ ነው። ተሰርቆ አይደለም። መጀመሪያውኑ አልገባም።»

ይሄ ነገር አስፈራኝ። ለእናትነሽ አልነገርኳትም። የተደበቀ ነገር ቢሆን እኔ እፈልገዋለሁ፤ መፈለግ አውቃለሁ። የሌለ ነገር እንዴት ይፈለጋል?

«የሰው አንጎል ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም» ብላ ጨመረችልኝ። «ጓደኞችህ የነገሩህን እየወሰደ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ትንሽ ቆይቶ በዓይንህ ያየኸው ይመስልሃል።»

«ለሰከረ ሁሉ?»

«ለሰከረ ሁሉ። ላልሰከረም አንዳንዴ።»

ዓይኔ በራ። እዚያ ዳስ ውስጥ የሰከርኩት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሞላስ? እሱ ራሱ ወደ ቤቱ የተመለሰው የሰው አህያ ላይ ተጭኖ ነው ይባላል!

ስሰናበታት እጄን ያዘችኝ። «ይበልጣል፣» አለች፣ በስሜ፣ «ብለኸው ከሆነ ስጥ። ካላልከው ግን እማን በከንቱ ጊደሯን አታሳጣት። አጣራ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ መንገድ ለብቻዬ ስስቅ አጠገቤ የነበሩት እናት ቦታ ቀየሩ። ሙከራ አስቤ ነበር።


ዓርብ

ሙከራው ተሳካ። እኔ ሳይንቲስት ነኝ።

ጧት ሞላ ባጃጁን ሊያሳጥብ መጣ። ጎማውን እያሸሁ፣ ፊቴን እንደ መርጌታ አኮሳትሬ «ያን ቀን ግን አሳዘንከኝ» አልኩት።

«የቱን ቀን?»

«እሑድ ነዋ። እንስራውን አቅፈህ እናቴ ናፈቅሽኝ እያልክ ያለቀስከው።»

«እኔ? ያምሃል እንዴ!»

«ተው ሞላ፣ ሰው ሁሉ አይቷል። ሊያላቅቁህ ሲሉ አልለቅም አልክ።»

ተሳድቦ ሄደ። እንስራ የሚባል ነገር አልነበረም። ከራሴ ነው ያወጣሁት፤ ከጎማው ጭቃ ጋር አብሮ ነው የወጣው።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ባጃጁን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይበልጣል፣ ያ እንስራ… አንገቱ የተሸረፈው ነው አይደል? በጓዳው በር በኩል የነበረው?»

ባልዲውን ለቀቅኩት። አንገቱ የተሸረፈ! እኔ ምንም የተሸረፈ ነገር አላልኩም!

«አዎ፣» አልኩት፣ «እሱ ነው።»

«ትዝ አለኝ። እናቴን ካየኋት ቆይቻለሁ፣ ለዚያ ይሆናል። ቀዝቃዛ ነበር እንስራው።» ዓይኑ ቀላ። እኔ ልስቅ ነበር፤ አልሳቅኩም። ሰው ከራሱ ጭንቅላት ውስጥ ያልነበረ እንስራ ሲያወጣ በዓይኔ አየሁ። ቀዝቃዛ ነበር አለ እኮ።

ያኔ ወጠርኩት። «ጊደር ስል በጆሮህ ሰምተሃል?»

«ሰማሁ አልኩህ እኮ።»

«በጆሮህ?»

«እ… ማለት… ፈንታ ሲያወራ…»

ፈንታ ሌላው ሚዜ ነው፤ እህል መጋዘን ጆንያ ይሸከማል። ሮጥኩ። ጆንያውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ጠየቅኩት።

«ጊደር?» አለ ፈንታ። «ጊደር እንኳ አልሰማሁም። ሙክት በግ አይደል ያልከው?»

«አንተ ሰምተሃል?»

«ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። እሱ ጭራሽ ላም ከነጥጃዋ ነው የሰማው። መቀሱን አንስቶ ሊምልልኝ ሁሉ ፈልጎ ነበር። ሠርጉ ላይ ነበርክ ወይ ስለው «እኔ እንኳ አልሄድኩም» አለኝ።

ይኸው! አንዱ በግ፣ አንዱ ጊደር፣ አንዱ ላም ከነጥጃዋ። አንድ ሳምንት ቢቆይ ጥማድ በሬና የእርሻ መሬት እሰጣለሁ።

እየፎከርኩ ቤት ገባሁ። «እማ! ምስክር የለም! አንድም የሰማ የለም! ሁሉም ሰክሯል፣ ሁሉም ከሌላው ነው የሰማው። ወይኒት የትም አትሄድም!»

እማ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ጭልፋውን አላቆመችም።

«ምስክር የለም ማለት አላልክም ማለት ነው?»

ደገመችልኝ። ያው ጥያቄ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ።

«አንድ ሰው እኮ አለ ያልጠየቅኸው» አለች። «የድግሱን ባለቤት አያ ንጉሤን። ለምን እንዳልጠየቅኻቸው ታውቃለህ?»

«ለምን?»

«አዎ፣ ብለሃል እንዳይሉህ።»

እራት አልበላሁም። ጠግቤ አይደለም፤ እልህ ነው።


ቅዳሜ

ተኝቼ በላዬ ተራምደው እንዳያልፉ ገና ሳይነጋ ተነስቼ በረቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። እማ መጣች። ገመድ ይዛለች። ነጩን ቀሚሷን ለብሳለች፣ የክት የምትለውን። ወይኒትን ሊሰጧት ሳይሆን ሊድሯት የሚወስዷት ይመስላል።

«ተነስ።»

«አልነሳም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ» ብላ በጎኔ በኩል እጇን አሳልፋ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ወይኒት ራሷ ገፍትራኝ ወጣች። ያሳደገችኝ ሴትና ያሳደገቻት ጊደር ተባብረው ጣሉኝ።

ተከተልኳቸው። ሌላ ምን ላድርግ? መንገዱን ሁሉ ስከራከር ሄድኩ። መጀመሪያ በሕግ፣ ቀጥሎ በሳይንስ። ስለ ዘበኛው ነገርኳት፣ ስለ ጎተራው ነገርኳት። «ያኔ የተናገረው እኔ አይደለሁም፣ አረቄው ነው» አልኳት።

«አረቄው ጊደር አለው?» አለች።

መንገደኛው ሁሉ ይጠይቃል። «ገበያ ነው?» ይሏታል። «አይ፣ የልጄን ቃል ላደርስ ነው» ትላለች። እኔ ከኋላ አቧራ እየቃምኩ እሄዳለሁ። ማንኩሳ ልንደርስ ስንል ቆመች። ወይኒትን ሣር ላይ ለቀቀቻትና ግንባሯን አሻሸቻት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ያኔ ክርክሬ ሁሉ ጠፋኝ። ገመዱን ከእጇ ወሰድኩ።

«እኔ ልያዛት» አልኩ። «የሰጠሁ እኔ ከሆንኩ የማስረክባት እኔ ነኝ። አያ ንጉሤንም እኔ ነኝ የምጠይቃቸው።»

ነጠላዋን አስተካክላ ከፊት ሄደች።

አያ ንጉሤ አውድማቸው ላይ ሽምብራ ያበራዩ ነበር። ሲያዩን ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

«እንዴት ናችሁ እታለም! ምነው በደኅና? ጊደሯን ምን ነካት?»

እማ እጅ ነሳች። እኔ ቀደምኩ። ገመዱን ወደ ፊት ዘረጋሁ።

«አያ፣ የሰጠሁትን አምጥቻለሁ» አልኩ።

«ምን ሰጥተህ?»

«ጊደር። በሠርጉ ዕለት። እኔ አላስታውስም። ጠጥቼ ነበር። ብለሃል አሉኝ።»

አያ ንጉሤ ወይኒትን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እማን አዩ። ከዚያ ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የተቆጡ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ሳቃቸውን ሊይዙ እየታገሉ ነበር።

«አንተ ልጅ! አውራ ዶሮ ነው ያልከው!»

«ምን አሉ?»

«አውራ ዶሮ! እኔ ጨጓራዬ ጠላ ከከለከለኝ ቆይቷል። ደጋሽ ደግሞ ሰክሮ ድግስ ይወጣል እንዴ? እዚያች ምሰሶ ሥር ቆሜ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ዘራፍ ብለህ ተነሳህ። የኔን ዱላ ነው የነጠቅኸኝ። ፎከርክ፣ ዳሱን ሁለት ጊዜ ዞርክ፣ ሕዝቡ ጸጥ አለ። ሰዉ ሁሉ ይኼ ልጅ ዛሬ ምን ሊሰጥ ነው ብሎ አፉን ከፈተ። ወይፈን ነው የጠበቅነው። አንተ ደረትህን መትተህ፣ ለወንድሜ ለደሴ… አልክና ቆምክ። ቆምክ፣ ቆምክ… አውራ ዶሮ! ያውም በፈቃዱ ከመጣ! አልክ።»

ከቤት ውስጥ ሚስታቸው «ዶሮውን እየጠበቅን ነው በለው!» ብለው ጮሁ።

«ዳሱ ፈረሰ ማለት ይቻላል» አሉ አያ ንጉሤ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቄሱ ሳይቀሩ ጎናቸውን ይዘው ነበር። የሙሽራዋ አያት፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቀው፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ አንተ እጅ ነስተህ ሄድህና ጭዱ ላይ ወደቅህ።»

እማ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ በክት ቀሚሷ፣ አውድማው ላይ። ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። ወይኒት አጋጣሚውን ተጠቅማ የአያ ንጉሤን ሽምብራ ትበላ ጀመር፤ ማንም አልከለከላትም።

እኔስ? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብሎኛልም፣ አልዋሽም፤ ገመዱ እጄ ላይ ቀለለኝ። ግን ሌላ ነገር ጎደለኝ። አያ ንጉሤን ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። የት ጋ ቆምኩ? ምን ያህል ቆምኩ? ማን ቀድሞ ሳቀ? ደግ ሰው ናቸው፣ ሳይሰለቹ ነገሩኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አስቃለሁ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይሰድበኛል፣ አንዱ በድንጋይ ያባርረኛል። ድፍን ዳስ በአንድ ጊዜ አስቄ አላውቅም። አንድ ቀን አሳቅኩ። እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አረቄ ጊደር አልወሰደብኝም። ይቺን ሳቅ ነው የወሰደብኝ።


እሑድ

አውራ ዶሮውን አደረስኩ። በፈቃዱ አልመጣም፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰልፎ ነው የተያዘ።

እማ ዛሬም ግዝቱን አነሳች። አሁንም አልገዘትም አልኳት። «የምተወውም የምጠጣውም እኔ ራሴ ነቅቼ ነው» አልኳት። «ይኼም ንግግር ነው» አለች፤ በምርቃትና በእርግማን መሐል ባለ ድምፅ።

ሞላን እውነቱን ነገርኩት። እንስራ የለም፣ አላለቀስክም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት አልኩት። አላመነኝም። «ለማጽናናት ነው እንዲህ የምትለኝ፤ እኔ እኮ አስታውሳለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ይደረጋል? ለእናቱ ስኳር ገዝቶ ነገ ሊጠይቃት ነው። ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ እነ ፈንታ ጠላ ቤት ጠሩኝ። ሄድኩ። የማልሄድ መስሏቸው ነበር? ምሳዬን እስክጠግብ በልቼ ሄድኩ። አንድ ጣሳ ያዝኩ። የጠላ ቤቱ ባለቤት ልትደግመኝ ስትመጣ እጄን አፉ ላይ ከደንኩበት።

«ምነው ጀግናው፣ ፈራህ?» አለ ፈንታ።

«አልፈራሁም። ዛሬ የምናገረውን ራሴ መስማት አምሮኝ ነው።»

ተነሳሁ። የአውራ ዶሮውን ነገር ከነፉከራው፣ አያ ንጉሤ እንደነገሩኝ አድርጌ ሠራሁላቸው። «ለወንድሜ ለደሴ…» ስል ቆምኩ። ቆምኩ። አውቄ ነው የቆምኩት። ሳቁ። እንደዚያን ዕለቱ አይሆንም፣ ዳስ አልፈረሰም፤ አንዱ ጥግ ያለ ሰውዬ እንደውም ምንም አልገባውም። ግን ፈንታ ጠላው በአፍንጫው ሲወጣ በዓይኔ አየሁ፣ ባለቤቷ «ኧረ ወዲያ!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እነዚህ የኔ ናቸው።

ያኛው እሑድ ግን አሁንም የለም። ሰዎች ነገሩኝ እንጂ የኔ አይደለም። አንዳንዴ ምሰሶውንና የሙሽራዋን አያት ያየኋቸው ይመስለኛል፤ ከዚያ እናትነሽ ያለችኝ ትዝ ይለኛል፣ እጠራጠራለሁ።

ለማንኛውም ወይኒት በረቷ ገብታለች፣ እማ ለሞላ ሳይቀር እየደጋገመች ታወራለች። ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቅነው፣ ቡሬ ድረስ የሄድኩበት፣ እማን ያስለቀስኩበት ነገር ተጠቅልሎ ሲታይ አንድ አውራ ዶሮ ነው። ያውም ከሲታ።